ጭኖ ሲወርድ የሚያፏጭ ፍሬን፦ ለቢቸናው ፒክአፕ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከቢቸና አካባቢ ጤፍ እየጫኑ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱበት፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ፍሬን ያለው ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለዎት። ጠዋት ሲነሱ ፍሬኑ ለጥቂት ጊዜ ይፋጭና ይተዋል። ጭነው ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ግን ከቁልቁለቱ አጋማሽ ጀምሮ ከፊት በግራ በኩል ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱም የተቃጠለ ነገር ይሸትዎታል። ባዶውን ከጎሐ ጽዮን ሲወርዱ ይህ የለም። ከዚህ ሌላ መኪናውን ወደ ኋላ ነድተው ወደ ፊት ሲነሱ በመጀመሪያው ፍሬን ላይ አንዴ «ኳ» የሚል ድምፅ አለ። የፊቱ ሸራ (ዲስኩን ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ከሁለት ወር በፊት ተቀይሯል፤ ጋራዡ አሁንም «ሸራውን እንደገና እንቀይረው» ብሎዎታል። በመጨረሻም፣ ለነገሩ ብዙ ቦታ ሳይሰጡት፣ መኪናው ጭነት እንዲችል የኋላውን ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ዝርግ ሞላ) እንዳስጨመሩ ጽፈዋል።

መልሴ የሚጀምረው ከዚሁ ከመጨረሻው ነገር ነው። መኪናውን ሳላየው ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት አይገባኝም፤ ነገር ግን የገለጹት ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ችግሩ የፊቱ ሸራ ሳይሆን የኋላው ፍሬን ድርሻውን አለመሥራቱ ይመስለኛል። የፊቱ የሚጮኸው የኋላውን ሥራ ደርቦ ስለያዘ ነው። ይህ ትክክል ከሆነ ዛሬ የሚገዙት አዲስ ሸራም ከሁለት ወር በኋላ እንዲሁ ይጮኻል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከዚህ በታች የምነግርዎትን ፍተሻ ያስደርጉ፤ አብዛኛው ከክሪክ፣ ከጎማ መፍቻና ከግማሽ ቀን ሥራ በላይ አይጠይቅም።

በፍሬን ድምፅ ምርመራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፁ ምን ይመስላል በሚለው ላይ ብቻ ሲቆም ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ከኋላ የተነሳው በሻንሲው (መኪናውን በሚሸከመው የብረት አካል) አልፎ ከፊት የመጣ ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነም ሾፌሩ የግራውን ጎማ ከቀኙ ይልቅ አጉልቶ ይሰማል። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ድምፁ መቼ ይመጣል የሚለው ነው፦ ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሳይያዝ? ቀዝቅዞ ነው ወይስ ግሎ? ተጭኖ ነው ወይስ ባዶውን? ወደ ፊት ሲሄድ ነው ወይስ ወደ ኋላ? እርስዎ እነዚህን ሁሉ አስተውለው ጽፈዋል። በተለይ አንዱን ሸለቆ ከሁለቱም ወገን፣ አንዴ ጭነው አንዴ ባዶውን፣ መውረድዎ የትኛውም ጋራዥ ግቢው ውስጥ ሊያደርገው የማይችለው ፈተና ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከሁለቱም በኩል ወደ ድልድዩ የሚወረደው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ሾፌሩ አንድ፣ ሸራው አንድ፣ ቁልቁለቱም ተቀራራቢ ሆኖ ድምፁ በአንደኛው ብቻ ከተሰማ፣ ልዩነቱን ያመጣው ጭነቱ ነው ማለት ነው።

የጠዋቱን ድምፅ በአጭሩ ልለፈው። ዲስኩ ቀለም ያልተቀባ ብረት ስለሆነ በክረምት ዝናብም ሆነ በጥቅምትና በኅዳር ጤዛ ውጭ ሲያድር ስስ ዝገት ይይዛል፤ ሸራውም ያን ዝገት ፍቆ እስኪጨርስ ይፋጫል። ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ ፍሬን በኋላ ከጠፋ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ከከተማ ወጥተውም የማይተው ከሆነ ግን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ሊሆን ስለሚችል መኪናው በዚያው ቀን መፈታት አለበት።

«ኳ» የሚለው ድምፅ ከፉጨቱ ጋር አንድ ምንጭ ያለው አይመስለኝም። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬን ከተያዘ ሸራው በመቀመጫው ውስጥ ወደ አንድ ጫፍ ይገፋል፤ ወደ ፊት ሲሄድ በመጀመሪያው ፍሬን ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳል። ሸራውን አጥብቀው የሚይዙት ትንንሽ የብረት ቅንጥቦችና ሞላዎች በቦታቸው ካሉ ይህ እንቅስቃሴ አይሰማም። ሸራ ሲቀየር እነዚህ ቅንጥቦች ዝገው ወይም ተጣመው ከተገኙና ሳይመለሱ ከቀሩ ግን ልክ እርስዎ እንዳሉት አንዴ ይመታና ዝም ይላል። ይህ በራሱ አደገኛ አይደለም። አደገኛ የሚሆነው የሚመታው ሸራው ሳይሆን ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ብረት) ራሱ ሲሆን ነው፤ ካሊፐሩን ከጎማው ማቀፊያ ጋር የሚያስሩት ሁለት ወፍራም ብሎኖች ሳይጠብቁ ቀርተው ከሆነ ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣሉ፤ አንዱ ከወለቀም ካሊፐሩ ዞሮ ቸርኬውን ሊመታና ጎማውን ሊያስር ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ምላሽ ውስጥ ዛሬውኑ እንዲደረግ የምጠይቀው የሁለቱም የፊት ጎማ ካሊፐር ብሎኖች በትክክለኛው ቁልፍ እንዲፈተሹ ነው። እነርሱ ጠብቀው ከተገኙ ቅንጥቦቹን ተረጋግቶ መፈለግ ይቻላል። በነገራችን ላይ፣ ባሌስትራ ሲጨመር የሚፈታው ባለ ሁለት እግሩ ማሰሪያ ብሎንም ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ ስላለበት፣ ካልተደረገ ተመሳሳይ መምታት ከኋላ ያመጣል፤ አብረው ያስፈትሹት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ብዙ ፒክአፖች ከኋላው አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ አንድ ቫልቭ አላቸው፤ ከቫልቩ የሚወጣ ዘንግ ወይም ሞላ ደግሞ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። ሥራው ይህ ነው፦ መኪናው ባዶ ሲሆን የኋላው ጎማ ቀላል ስለሆነ ብዙ የፍሬን ግፊት ቢደርሰው ይታሰርና ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ቫልቩ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይቀንሳል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ይከፈትና የኋላው ፍሬን ሙሉ ድርሻውን ይሠራል። እንግዲህ ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ እርሱም በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ሻንሲው ከፍ ይላል፤ ሲጫንም እንደ ቀድሞው ዝቅ አይልም። ስለዚህ ኋላው በጤፍ ተሞልቶ ሳለ ቫልቩ መኪናውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ለኋላው ፍሬን የባዶ መኪና ግፊት ይሰጠዋል፤ የቀረውን ሁሉ የፊቱ ይሸከማል። ቫልቩን የማያገኙባቸው አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚሠሩ፣ የእርስዎ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ገብቶ በዓይን ማየት ይበቃል።

ይህ በሜዳ መንገድ ብዙም አይታወቅም። በዓባይ ቁልቁለት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ከነጭነቱ 2.8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 27 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ ይህም 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው ዲስክና ታምቡር ውስጥ ይገባል። አራት ጎማ ሊካፈለው የሚገባውን ሁለቱ የፊት ዲስኮች ብቻቸውን ሲቀበሉት የሸራው ማጣበቂያ ሙጫ ይግልና ወደ ላይ ይወጣል፤ የሸራው ፊት እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። እርስዎም ሳያውቁት ፔዳሉን አጠንክረው ይረግጣሉ፤ የለሰለሰው ሸራ ደግሞ ዲስኩን በተስተካከለ ሁኔታ ስለማይዘው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ፉጨት ሆኖ የሚሰማው። ከአጋማሽ ጀምሮ መሰማቱ፣ ከሽታ ጋር መምጣቱና ባዶውን አለመኖሩ ከዚህ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ሸራ ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ የሚያስጠነቅቀው ቀጭን ምላስ ቢሆን ኖሮ ባዶውንም ሆነ በሜዳ ይጮህ ነበር።

ለምን በግራ ብቻ? አንድም ከላይ እንዳልኩት ሾፌሩ የሚቀርበው እርሱን ስለሆነ፣ አንድም የግራው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ደርቀው ስለሚሆን ነው። ፒኖቹ ከደረቁ ካሊፐሩ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ሸራውን በደንብ አይለቅም፤ የውስጡና የውጩ ሸራም እኩል አያልቁም። ጎማው ሲወልቅ ከውጭ የሚታየውን ሸራ ብቻ አይቶ «ገና ነው» ማለት ስለዚህ አይበቃም። ካሊፐሩ ተነሥቶ ሁለቱም ሸራዎች ይለኩ፤ አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መቀየሪያው ደርሷል። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት ካለ ጥፋቱ የሸራው ጥራት ሳይሆን የፒኖቹ ነው። ፒኖቹ ወጥተው ይጸዱና ሙቀት የሚችልና ለፍሬን ጎሚኒ (የማተሚያ ጎማ) ተብሎ የተሠራ ግራሶ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ በሙቀትም ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል። ፒኖቹ ደህና ሆነው ጎማው አሁንም በእጅ አልዞር ካለ፣ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ትከፈት፤ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ዘይቱን ያገተው ወደ ካሊፐሩ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ነው፤ ካልተለቀቀ የካሊፐሩ ፒስተን ራሱ ተጣብቋል።

የእኔን ግምት የሚያረጋግጥ ወይም የሚያፈርስ ቀላል ፈተና አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ቁልቁለቱን ጨርሰው ድልድዩን ካለፉ በኋላ ከመንገድ ወጣ ብለው ለመቆም በሚመች ቦታ መኪናውን በማርሽ አስረው፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርገው ይውረዱ። የእጅ ፍሬን በጋለ ታምቡር ላይ አይሳቡ። ከዚያ በአራቱም ጎማ ቸርኬ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ያርከፍክፉ፤ ዲስኩን በእጅዎ አይንኩ፣ ውኃውም ዲስኩ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። የርቀት ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ካገኙማ የበለጠ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እጅግ ግለው የኋላዎቹ ለብ ያሉ ብቻ ከሆኑ የኋላው ፍሬን አይሠራም ማለት ነው። የፊት ግራው ከፊት ቀኙ በግልጽ ከበለጠ የካሊፐሩ ፒን ወይም ፒስተን ነው። ሁለቱም አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ የእርስዎም እንዲህ ቢሆን አይገርመኝም።

የኋላው ፍሬን የማይሠራው በቫልቩ ምክንያት ብቻ ላይሆን ስለሚችል ታምቡሩ መከፈት አለበት። የቢቸና መረሬ አፈር በክረምት ጭቃው ታምቡር ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሸራውን የሚያስጠጋውን ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ብሎን ያስረዋል፤ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው የለም፤ የእጅ ፍሬኑም ከቀድሞው በላይ ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል። ታምቡሩን ለማውጣት የፊት ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸው፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ተጣብቆ አልወጣ ካለ በመዶሻ አይደብደብ፤ ብዙዎቹ የጃፓን ታምቡሮች ፊታቸው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ስላሏቸው ሁለት ብሎኖችን እኩል እያጠበቁ መግፋት ይቻላል። ውስጡ ሲታይ ሸራው ረጥቦ ከተገኘ ማሽተት ያስፈልጋል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ድኝ ድኝ የሚል ከባድ ሽታ አለው፣ የአክስሉ ጎሚኒ አፍስሷል ማለት ነው፤ ያ ሽታ ከሌለውና እርጥበቱ ቀጭን ከሆነ ከፍሬኑ ሲሊንደር የወጣ የፍሬን ዘይት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚንም ሆነ በእሳት አይድንም፤ በሁለቱም ጎማ ይቀየራል። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር ማራገፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ብናኙ ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋል፤ በጋራዦቻችን ታምቡር ላይ አጎንብሰው አቧራ የሚነፉትን ወጣቶች ባየሁ ቁጥር ያሳስበኛል። በውኃ አርጥቦ ማጠብ ይበቃል።

የኋላውን በሥራ ላይ ለመፈተን ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ሳይሆን ከአክስሉ ሥር ያድርጉት። ሻንሲው ብቻ ከተነሳ አክስሉ ይንጠለጠላል፤ ቫልቩም ይዘጋና ደህናው ፍሬን የማይሠራ ይመስላል። ማርሹ ሞርቶ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ ሆኖ ሌላ ሰው ፔዳሉን ቀስ እያለ ሲረግጥ ጎማውን በእጅ እያዞሩ መቼ እንደሚይዝ ይመልከቱ፤ ግራና ቀኙ እኩል መያዝ አለባቸው።

ቫልቩ ምክንያት ሆኖ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተጨመረውን ባሌስትራ አስወጥቶ ጭነቱን በመኪናው አቅም መወሰን ነው። የብዙ ደብል ጋቢና ፒክአፖች አቅም ሰዉን ጨምሮ 10 ኩንታል ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ አምስት ሰው ተቀምጦበት 10 ኩንታል ጤፍ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ቫልቩን በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ሲሆን፣ ይህ የፊቱንና የኋላውን ግፊት በመለኪያ እያነበበ ሊሠራው በሚችል ባለሙያ ብቻ የሚደረግ ነው። ዘንጉን በግምት ማጣመም ወይም ቫልቩን ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን በሽቦ ማሰር አለ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ቢያጋጥምዎት አይፍቀዱለት፤ ባዶውን በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ሲመለሱ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይታሰርና መኪናው በአግድሙ ይዞራል። ኑሮዎ በጭነቱ ላይ መሆኑን እረዳለሁ፤ ቢሆንም የእኔ ምክር የመጀመሪያው ነው። ባሌስትራው ሻንሲውን ቀና አድርጎ ያቆመዋል እንጂ ለፍሬኑ፣ ለአክስሉና ለኩሽኔታው ምንም አቅም አልጨመረላቸውም።

ዲስኩን በተመለከተ፣ ሙቀቱ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ አሳድሮበት እንደሆነ ይታይ። ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ፣ የታምቡሩም ትልቁ ስፋት ራሱ ታምቡሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቶርኖ ቤት ከመላክዎ በፊት ከተላጨ በኋላ ከዚያ ልክ እንደማያልፍ በመለኪያ ይረጋገጥ። የሸራው ፊት በጥቂቱ ብቻ ያንጸባረቀ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ማድረግ ለጊዜው ድምፁን ያጠፋል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ካልተነሳ ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ሸራ ከተገባም በመጀመሪያው ቀን ወደ ዓባይ አይውረዱበት። በሜዳ መንገድ፣ ባዶውን፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 እየቀነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙና በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ እየተዉ፣ 10 ጊዜ ያህል ይያዙት። የባለፈው ሸራዎ ይህ ሳይደረግለት በቀጥታ ወደ ሸለቆው ወርዶ ከሆነ የለሰለሰው ምናልባት በዚያው ሳምንት ነው።

የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ ድምፅ ባይፈጥርም እዚህ መነሳት አለበት፤ የገለጹት ሽታ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራልና። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፤ ይህም ያለ አንዳች ድምፅ የሚመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ በሙሉ ይቀየር፤ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፣ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያበላሻልና።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ጭነው ወደ ዓባይ ባይወርዱ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ ደጀን ላይ ከቁልቁለቱ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ ይግቡ፤ ሞተሩ መኪናውን ካልያዘው ማርሹን በአንድ ደረጃ ይበልጥ ዝቅ ያድርጉት። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ በለዘብታ ይዞ ከመውረድ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ዲስኩ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። በሞርቶ መውረድም ሆነ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋት ፍሬኑን የሚያግዘውን ኃይል ስለሚያሳጣ አይሞከርም። ፉጨቱ ከጀመረ ይቁሙና ግማሽ ሰዓት ያህል በራሱ ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ዲስኩን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል።

ለጋራዡ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ይንገሩ፦ የካሊፐር ብሎኖች፣ ቀጥሎ የውስጥና የውጭ ሸራ ልኬት ከፒኖቹ ጋር፣ ከዚያ የኋላው ታምቡር፣ ከዚያ ቫልቩና ዘንጉ፣ በመጨረሻ ዘይቱ። ሸራ መግዛት የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጭነው ሲወርዱ ፉጨቱ አሁንም ካለ የአራቱን ጎማ ሙቀት፣ የሸራዎቹን ውፍረት በሚሊ ሜትርና የጫኑትን ኩንታል ጽፈው ይላኩልኝ፤ በዚያ መረጃ የሸራው ዓይነት ለሥራዎ የማይስማማ ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ይኑር መለየት ይቻላል።